ስለ ስድስቱ ዕለታትና ስለ ምድር ዕድሜ

በአምባሰል በሐይቅ ባሕር ላይ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ከጥንት ዠምሮ የመጻሕፍት ቤት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው ማኅበሩን ካጸኑ በኋላ፥ መጻሕፍት ተጻፉበት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ተማሩበት። ቤተ ክርስቲያናችን ከምታስተምረው የመዠመሪያው ሥነ ፍጥረት ነው፤ ይኸውም እግዚአብሔር በስድስት ቀን 22 ፍጥረታትን እንደ ፈጠረ፥ ከአዳም እስከ ክርስቶስም 5500 ዘመን እንደ ተቈጠረ ነው።

ነገር ግን በዚያው ባሕር ሥር ሌላ መዝገብ አለ፤ እርሱም ዓመት በዓመት የሚዘቅጠው ጭቃ ነው። የተፈጥሮ ሊቃውንት ጭቃውን በቧንቧ አውጥተው በውስጡ የቀረውን የዕፀዋት ብናኝ መረመሩ። በ2003 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተሙትም ጽሑፍ የ3000 ዓመት ያኽል የአገሩን ታሪክ አስረዱ፤ ዱሩ ከ2500 ዓመት ገደማ በፊት ተመነጠረ፥ ከ15ኛው መቶ ዓመት ዠምሮ ግን ጥዱ ተመልሶ በቀለ። ይህ መዝገብ ከ5500ው ዘመን ጋራ አይጣላም።

የሚያስጨንቀው ከዚያ በፊት ያለው ነው። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በሐዳር፥ ያን ጊዜ በወሎ ጠቅላይ ግዛት በነበረው በአፋር በረሓ፥ የድንቅነሽ ዐጥንት ተገኘ፤ ዕድሜውም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው ተባለ። በሸዋም በሙገር ጭቃ ድንጋይ ውስጥ ዳይኖሶር የተባሉት አራዊት ጥርስ ተገኝቷል፤ ዘመኑም ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል።

አንዳንዶች ይህ ኹሉ የጥፋት ውሃ ቅሬታ ነው ይላሉ። ዳሩ ግን በዚያ ድንጋይ ውስጥ ከአራዊቱ ጋራ የሰው ዐጥንት አልተገኘም፤ ደጋውን የሸፈነውም ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቍር ድንጋይ ከዚያ በኋላ የመጣ ሲኾን፥ ራሱ የ30 ሚሊዮን ዓመት ያኽል ነው። ሌሎች ደግሞ ፀሐይ የተፈጠረችው በረቡዕ ነውና፥ የፊተኞቹ ሦስት ዕለታት በፀሐይ አልተለኩም፤ ስለዚህ ዕለት ማለት ረዥም ዘመን ነው ይላሉ። ይህ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። በመጽሐፍ አዕዋፍ በሐሙስ፥ የምድር አራዊት በዓርብ ተፈጠሩ፤ በድንጋዩ ግን የምድር አራዊት አዕዋፍን ይቀድማሉ።

እንግዲህ የሚሻለው የመጽሐፉን ዐላማ መለየት ነው። ኦሪት የተጻፈው ፀሐይንና እንስሳን ለሚያመልኩ አሕዛብ ጎረቤት ለነበረ ሕዝብ ነው፤ የሚያስተምረውም እነዚህ ኹሉ ፍጡራን እንደ ኾኑ፥ ፈጣሪያቸውም አንድ እንደ ኾነ ነው። 5500ውም ዘመን የድኅነት ተስፋ ቍጥር ነው፤ ባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ያወጣበታል እንጂ ድንጋይ አይመዘንበትም። የአዳም ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ይከብዳል፤ መምህራን በጥንቃቄ ሊመረምሩት ይገባል እንጂ በቍጣ የሚዘጋ አይደለም።

ከተማሪ ቤት የመጣ ወጣት ካህኑን ሲጠይቅ፥ ዐጥንቱ ሐሰት ነው ቢባል፥ በኋላም በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ስለ ድንቅነሽ የሚታየውን ቢያይ፥ ወንጌሉንም ሐሰት ነው ወደ ማለት ይደርሳል። ጥፋቱም የድንጋዩ ሳይኾን የመላሹ ነው።

የሐይቅ ገዳም ጥንት በደሴት ላይ ነበረ፤ ዛሬ ግን ደሴቱ ከየብስ ጋራ ተያይዟል። ምድሩና ውሃው ተለወጡ፤ ቅዳሴው ግን ዛሬም ይቀደሳል።