አርኪሜዲስ ኮምፒዩተር በብሪታንያ ትምህርት ቤቶች፦ የመሣሪያ ብቃትና የትምህርት ዓላማ

ለትምህርት ቤት አንድ መሣሪያ በሚመረጥበት ጊዜ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያውን ችሎታና ዋጋ የሚመለከት ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ከመምህሩ ልምድ፣ ቀደም ሲል ከተዘጋጁት ትምህርቶችና ተማሪው ወደፊት ከሚሠማራበት የሥራ መስክ ጋር ያለው ግንኙነት በሚገባ ካልተመረመረ የችሎታ ብልጫ ብቻውን ዘለቄታ አይኖረውም። ለዚህም ጉልህ ማስረጃ የሚሆነው አርኪሜዲስ የተባሉት ኮምፒዩተሮች ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. መነሻው

አርኪሜዲስን የሠራው በ1978 በካምብሪጅ ከተማ የተቋቋመው አኮርን የተባለው ኩባንያ ነው። ኩባንያው በትምህርት ቤቶች ዘንድ የታወቀው ግን በ1981 መጨረሻ ባወጣው ቢቢሲ ማይክሮ በተባለው ኮምፒዩተር ነበር። የብሪታንያ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ቢቢሲ በ1982 ስለ ኮምፒዩተር ለሕዝብ ተከታታይ ትምህርት መስጠት ሲጀምር ይህን መሣሪያ መርጦ በስሙ እንዲጠራ አደረገ። መንግሥትም ትምህርት ቤቶች ከተፈቀዱት ኮምፒዩተሮች አንዱን ሲገዙ የዋጋውን እኩሌታ ይከፍል ስለ ነበር ቢቢሲ ማይክሮ በብዙ ክፍሎች ውስጥ ሊገባ ቻለ። ከመምህራንም ብዙዎቹ ቤሲክ በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የራሳቸውን መርሐ ግብር መጻፍ ለመዱ።

የመሣሪያው ችሎታ ግን ውሱን ነበር። የኮምፒዩተሩ አንጎል ሊባል የሚችለው ማይክሮፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 8 ቢት ብቻ ሲሆን፣ ሞዴል ቢ የተባለው ዓይነት የማስታወስ ችሎታ ደግሞ 32 ኪሎባይት ነበር። የአኮርን መሐንዲሶች በገበያ ላይ የነበሩትን ባለ 16 ቢት ማይክሮፕሮሰሰሮች መርምረው ስላላረኩባቸው፣ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር በ1983 አዲስ ማይክሮፕሮሰሰር መንደፍ ጀመሩ። መመሪያቸውም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከተደረገ ምርምር የተገኘ ሲሆን፣ ይኸውም ብዙና ውስብስብ ትእዛዞችን ከማከማቸት ይልቅ ጥቂትና ቀላል ትእዛዞችን በፍጥነት መፈጸም የሚል ነበር። ለመምህራን ልዩ ትርጉም የሚኖረው ደግሞ የአዲሱ ማይክሮፕሮሰሰር አሠራር አስቀድሞ የተፈተነው ተማሪዎች ይማሩበት በነበረው በቢቢሲ ቤሲክ በተጻፈ አምሳያ መሆኑ ነው። በሚያዝያ 1985 ተሠርቶ የቀረበው የመጀመሪያው ቺፕ የያዘው 25,000 ያህል ትራንዚስተር ብቻ ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው የኢንቴል 80386 ግን 275,000 ያህል ይዞ ነበር።

2. የመሣሪያው ገጽታ

አርኪሜዲስ በሰኔ 1987 ለገበያ ቀረበ። ኤ305 የተባለው ሞዴል 512 ኪሎባይት፣ ኤ310 አንድ ሜጋባይት፣ ኤ440 ደግሞ አራት ሜጋባይት የማስታወስ ችሎታ ነበራቸው። ኤ440 ከዚህ በተጨማሪ 20 ሜጋባይት የሚይዝ ሐርድ ዲስክ ነበረው። ባለ 32 ቢቱ ማይክሮፕሮሰሰር በ8 ሜጋኸርትዝ ሲሠራ በሴኮንድ አራት ሚሊዮን ያህል ትእዛዞችን ይፈጽም ነበር። ማስታወሻውን፣ ሥዕልና ድምፁን፣ የመረጃውንም መግቢያና መውጫ የሚቈጣጠሩ ሦስት ረዳት ቺፖች ነበሩት። ከ4,096 ቀለማት መካከል 256ቱን በአንድ ጊዜ በመስታወቱ ላይ ማሳየት፣ በስምንት መስመሮችም ድምፅ ማሰማት ይችል ነበር።

ለክፍል ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ገጽታው ነው። መሣሪያውን የሚመራው ዋና መርሐ ግብር በማይጠፋ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ በመሆኑ ኮምፒዩተሩ ያለ ሐርድ ዲስክ ወዲያው ሥራ ይጀምር ነበር። የተሻሻለው ቤሲክም አብሮ የተሰጠ ሲሆን፣ ብዙዎቹን የቢቢሲ ማይክሮ መርሐ ግብሮች ለማሠራት የሚያስችል መሸጋገሪያም ተዘጋጅቶ ነበር። ስለዚህ መምህሩ የለመደውን ጥሎ ከዜሮ እንዲጀምር አልተገደደም። በ1989 ሪስክ ኦኤስ የተባለው በመስኮቶችና በማውዝ የሚሠራ ሥርዓት ተጨመረ። በዚሁ ዓመት ለትምህርት ቤትና ለቤት የታሰበው፣ ከቁልፍ ሰሌዳው ጋር በአንድ አካል የተሠራው ኤ3000 ወጣ።

3. ያልዘለቀበት ምክንያት

ከትምህርት ቤት ውጭ ሁኔታው የተለየ ነበር። በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተርና በእርሱ አምሳል የተሠሩት በየመሥሪያ ቤቱ ተስፋፍተው ነበር። ከዚህም የተነሣ ተማሪው በሥራ ዓለም በማያገኘው መሣሪያ ለምን ይማራል የሚል ጥያቄ ተነሣ። በሌላ ወገን ደግሞ የትምህርት ቤት ተግባር የኮምፒዩተርን መሠረታዊ አሠራር ማስረዳት እንጂ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ማሠልጠን አይደለም የሚል መከራከሪያ ቀረበ። አኮርን በ1994 ሪስክ ፒሲን ሲያወጣ የሌላ ዓይነት ማይክሮፕሮሰሰር እንዲጨመርበት ቦታ ቢያዘጋጅለትም ትምህርት ቤቶች ወደ ዊንዶውስ ማዘንበላቸውን አልተዉም። በመስከረም 1998 ኩባንያው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሥራውን አቆመ። ለአርኪሜዲስ የተጻፉት ትምህርታዊ መርሐ ግብሮችም በተተኪዎቹ መሣሪያዎች ላይ እንዳሉ ሊሠሩ አልቻሉም።

ማይክሮፕሮሰሰሩ ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር አልጠፋም። በ1990 አኮርን ከአፕልና ከቪ.ኤል.ኤስ.አይ. ጋር በመሆን ንድፉን የሚያሳድግ አርም የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። ንድፉ ጥቂት ኃይል ብቻ የሚፈልግ በመሆኑ ለእጅ ስልክ ተስማሚ ሆነ፤ ዛሬም በዓለም ላይ ከሚገኙት የእጅ ስልኮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚሁ ንድፍ ተወላጆች ነው።

4. ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። በአንድ በኩል፣ ከገበያው የተለየ መሣሪያ ለትምህርት ቤት የሚመርጥ ዕቅድ አውጪ፣ መሣሪያው ሲቋረጥ የመምህራን ድካም ውጤት በምን ይተርፋል የሚለውን ከግዥው በፊት መመለስ ይኖርበታል። በሌላ በኩል፣ ገበያውን ብቻ ተከትሎ የሚመርጥም ከጊዜ መለወጥ አያመልጥም፤ በ1987 በየመሥሪያ ቤቱ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ዛሬ የሉምና። በሁለቱም መንገድ መሣሪያው ያረጃል። አንድን ችግር በየደረጃው ከፋፍሎ በትክክለኛ ትእዛዝ መግለጽን የተማረ ተማሪ ግን ይህን ዕውቀት ወደሚቀጥለው መሣሪያ ይዞት ይሄዳል። ሥርዓተ ትምህርቱ መመሥረት የሚገባውም በዚህ ላይ ነው።