የቶስካና ነጭ መንገዶች፦ ከአስፋልት የተረፈው ጠጠር ለገጠሩ ያስገኘው ፋይዳ

የጠጠር መንገድ በብዙ አገሮች የሚታየው አስፋልት እስኪመጣ ድረስ እንደሚያገለግል ጊዜያዊ መተላለፊያ ነው። በመካከለኛው ጣሊያን፣ በቶስካና ክፍለ ግዛት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። በሲየና ከተማ ዙሪያ በኮረብታ፣ በጫካና በወይን እርሻ መካከል የሚጠማዘዙት የጠጠር መንገዶች ዛሬ ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች ብስክሌተኞችን የሚስቡ ቅርሶች ናቸው። ነዋሪዎቹ «ስትራዴ ቢያንኬ»፣ ማለትም «ነጭ መንገዶች» ይሏቸዋል። ይህ ጽሑፍ መንገዶቹ እንዴት ከአስፋልት እንደተረፉ፣ በየትኞቹ ጥንታዊ መንደሮች እንደሚያልፉ፣ በላያቸው ብስክሌት መንዳት ምን እንደሚጠይቅና ለአካባቢው ገበሬ ምን እንዳስገኙ ያብራራል።

የእኩል አራሾች መንገድ

መንገዶቹ ነጭ የሆኑት ከአካባቢው በሚወጣው ፈዛዛ ድንጋይና ሸክላማ አፈር ምክንያት ነው። በበጋ ብናኙ በዳር ያሉትን ዛፎች ሳይቀር ያነጣል። የብዛታቸው ምክንያት ግን ከመሬት ይዞታ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

በቶስካና ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ የኖረው ሥርዓት «መዛድሪያ» ይባል ነበር። ባለርስቱ መሬቱንና መኖሪያ ቤቱን ይሰጣል፤ ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ጉልበቱን ያፈስሳል፤ ምርቱም ለሁለት ይካፈላል። የእኩል አራሽ ቤተሰቦች የሚኖሩት በመንደር ተሰባስበው ሳይሆን እያንዳንዳቸው በሚያርሱት መሬት መካከል በተሠራ የድንጋይ ቤት ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት እህል፣ ወይንና የወይራ ዘይት በበሬ ጋሪ የሚወጣበት መንገድ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ኮረብታውን እንደ መረብ የሸፈኑት ጠባብ መንገዶች ከዚህ የተወለዱ ናቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ገጠሩ ተራቆተ። ጭሰኞች በፋብሪካ ሥራ ተስበው ወደ ከተማ ፈለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ ሕግም አዲስ የመዛድሪያ ውል መዋዋልን ከለከለ። የድንጋይ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፤ እርከኖቹም ፈራረሱ። ጥቂት ሰው ብቻ የሚተላለፍባቸውን መንገዶች አስፋልት ለማልበስ የቸኮለ አልነበረም። በመጀመሪያ መንገዶቹን ያተረፋቸው ጥበቃ ሳይሆን መረሳት ነበር ማለት ይቻላል።

ዘጠና ሁለት ብስክሌተኞች

በኋላ ግን የቀሩትም መንገዶች በየጊዜው አስፋልት እየለበሱ መመናመን ጀመሩ። ይህ ያሳሰበው ጃንካርሎ ብሮቺ የተባለ የኪያንቲ አካባቢ ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 «ሌሮይካ» («ጀግናዊቷ») የተሰኘ የብስክሌት ጉዞ አዘጋጀ። ዓላማው ሁለት ነበር፦ በጠጠር ላይ ይካሄድ የነበረውን የቀድሞ ዘመን የብስክሌት ውድድር መንፈስ ማስታወስና ነጭ መንገዶቹን ከመጥፋት ማዳን። በመጀመሪያው ጉዞ 92 ሰዎች ተሳተፉ። ዛሬ ጋዮሌ የተባለችው ትንሽ ከተማ በየዓመቱ ጥቅምት መግቢያ ላይ (በእኛ አቆጣጠር በመስከረም ማብቂያ) በሺዎች የሚቆጠሩ ተሳታፊዎችን ታስተናግዳለች።

የጉዞው ደንብ ለየት ያለ ነው። ብስክሌቱ ከ1987 በፊት የተሠራ መሆን አለበት፤ የማርሽ መቀየሪያው በመሪው ላይ ሳይሆን በዘንጉ ላይ የተገጠመ፣ የፍሬን ሽቦውም ከመሪው ውጭ የሚታይ ሊሆን ይገባል። በእረፍት ቦታዎች የሚቀርበውም የገበሬ ምግብ ነው። ከእነዚህ አንዱ «ሪቦሊታ» ይባላል፤ ከተረፈ ዳቦ፣ ከባቄላና ከጎመን የሚዘጋጅ ወፍራም ሾርባ ሲሆን፣ ትርጉሙም «ዳግም የተፈላ» ማለት ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ይህንኑ መነሻ አድርጎ የዓለም ታላላቅ ብስክሌተኞች የሚሳተፉበት ውድድር ተጀመረ። ዛሬ «ስትራዴ ቢያንኬ» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ውድድር በመጋቢት መግቢያ ላይ ይካሄዳል፤ ፍጻሜውም በሲየና ጥንታዊ አደባባይ፣ በፒያሳ ዴል ካምፖ ነው። ከ2015 ጀምሮ የሴቶች ውድድርም ተጨምሯል።

መስመሩና መንደሮቹ

ከዓመታዊው ጉዞ ውጭ ማንኛውም ሰው በራሱ ጊዜ ሊጓዝበት የሚችል ቋሚ መስመር አለ። መስመሩ በምልክት ሰሌዳዎች የተመራ ሲሆን፣ ከጋዮሌ ተነሥቶ 209 ኪሎ ሜትር ዞሮ ወደዚያው ይመለሳል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ርቀት ጠጠር ነው። ኮረብታዎቹ እጅግ ከፍ ያሉ ባይሆኑም መውጣትና መውረዱ ፋታ የለውም፤ የዳገቱ ድምር ከ3 ሺህ 500 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ አብዛኛው ተጓዥ መንገዱን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይከፋፍለዋል፤ አጭሩን መንገድ የሚመርጥም አለ።

ሰሜናዊው ክፍል ኪያንቲ ነው። እዚህ ኮረብታዎቹን የሚሸፍነው የዋርካ ያህል ግርማ ያለው የባሉጥና የደረት ነት ዛፍ ጫካ ሲሆን፣ በመካከሉ ወይንና ወይራ ይታያል። ጋዮሌ በመካከለኛው ዘመን በዙሪያዋ ላሉ አምባዎች የገበያ ስፍራ ነበረች። ከእርሷ ጥቂት ራቅ ብሎ በጥድ መሰል ረጃጅም ዛፎች የታጠረ ነጭ ዳገት ወደ ብሮሊዮ አምባ ያወጣል። አምባው ከ1141 ጀምሮ በሪካሶሊ ቤተሰብ እጅ የቆየ ሲሆን፣ ከዚሁ ቤተሰብ የተወለደው ቤቲኖ ሪካሶሊ የተዋሐደችው ጣሊያን ሁለተኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር።

ይህ ምድር ፍሎረንስና ሲየና ለብዙ ዘመን የተዋጉበት ወሰን ነው። አፈ ታሪክ እንደሚለው ሁለቱ ከተሞች ጠቡን ለማብቃት ተስማሙ፤ ከየከተማው አንድ ፈረሰኛ ዶሮ ሲጮህ ተነሥቶ የሚገናኙበት ስፍራ ድንበር እንዲሆን ተዋዋሉ። ፍሎረንሶች ጥቁር አውራ ዶሮ አስርበው አቆዩ፤ ዶሮውም በረኀብ ሳይነጋ ጮኸ። ፈረሰኛቸው ቀድሞ ስለተነሣ ድንበሩ ወደ ሲየና ተጠጋ። ጥቁሩ ዶሮ ዛሬም የኪያንቲ ክላሲኮ ወይን ምልክት ነው።

ከሲየና በስተደቡብ መልክዓ ምድሩ ይለወጣል። ጫካው እየሳሳ ሄዶ ሞንታልቺኖ ላይ እንደገና ይጠብቃል፤ የከተማዋ ስም ራሱ ከአንድ የባሉጥ ዛፍ ዝርያ የተገኘ እንደሆነ ይነገራል። የሲየና ሪፐብሊክ በ1555 ስትወድቅ እጃቸውን ያልሰጡ ዜጎቿ ወደዚህች ኮረብታ ሸሽተው እስከ 1559 ድረስ ሪፐብሊካቸውን አቆይተዋል። በሸለቆው ያለችው ቡኦንኮንቬንቶ ደግሞ ከሰሜን አውሮፓ ወደ ሮም የሚጓዙ ምዕመናን ያልፉባት የነበረች፣ በግንብ የታጠረች ከተማ ናት።

በመመለሻው፣ በአሻኖ አካባቢ፣ «ክሬቴ ሴኔሲ» የሚባሉት የሸክላ ኮረብታዎች ይገኛሉ። ዛፍ የሌለባቸው፣ በዝናብ የተሸረሸሩ፣ በጸደይ በስንዴ ቡቃያ የሚለመልሙ፣ በበጋ መጨረሻ ታርሰው የሚገረጡ ናቸው። ከባዱ የጠጠር ክፍል፣ 11 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚረዝመው ሞንቴ ሳንቴ ማሪዬ፣ በዚሁ ይገኛል። ውድድሩን በ2008፣ በ2012 እና በ2016 ያሸነፈው የስዊዘርላንዱ ፋቢያን ካንቼላራ መታሰቢያ የተደረገለትም በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ብስክሌቱና አነዳዱ

ለጠጠር የሚሠራ ብስክሌት በውድድርና በተራራ ብስክሌት መካከል ያለ ዓይነት ነው። መሪው እንደ ውድድር ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ጎማው ግን ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ማርሹም ለዳገት የቀለለ ነው። ብዙዎች ካላማዳሪ የሌለውንና ትናንሽ ቀዳዳን በውስጡ ባለ ፈሳሽ የሚደፍነውን ጎማ ይመርጣሉ። የእኛ ጠጋኞች በየቀኑ የሚጠሯቸው ጎማ፣ ፍሬንና ካላማዳሪ የተሰኙ ቃላት ራሳቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

በጠጠር ላይ የጎማው ነፋስ ቀነስ ይላል፤ በጣም የተነፋ ጎማ በድንጋዩ ላይ እየነጠረ መያዣ ያጣል። በቁልቁለት ፍሬን የሚያዘው መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ነው፤ በመታጠፊያው ላይ ፊተኛውን ፍሬን መጨበጥ ለውድቀት ይዳርጋል። በዳገት ደግሞ ከኮርቻ መነሣት የኋላውን ጎማ ያሽከረክራል እንጂ ወደፊት አያስኬድም። ተስማሚው ወቅት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ እንዲሁም መስከረምና ጥቅምት ነው። ከዝናብ በኋላ የክሬቴ ሸክላ እንደ ዋልካ ከጎማ ላይ ስለሚጣበቅ መንገዱ ጥቂት እስኪደርቅ መጠበቅ ይገባል።

ለገበሬው ያስገኘው

ጣሊያን በ1985 ገበሬዎች በእርሻቸው ላይ እንግዳ ተቀብለው እንዲያሳድሩና ምርታቸውን እንዲያቀርቡ የሚፈቅድ «አግሪቱሪዝሞ» የተባለ ሥርዓት በሕግ ደነገገች። ሕጉ ዋና ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፦ እርሻው ዋና ሥራ፣ መስተንግዶው ደጋፊ ሆኖ መቀጠል አለበት። በዚህ መሠረት የተተዉት የእኩል አራሽ ቤቶች ብዙዎቹ ተጠግነው የእንግዳ ማረፊያ ሆኑ። ብስክሌተኛው ቀስ ብሎ ይጓዛል፤ ይርበዋል፤ ያድራል፤ ገንዘቡንም በመኪና ፈጥኖ የሚያልፍ ጎብኚ በማይቆምበት መንደር ያወጣል።

ጥቅሙ ያለ ዋጋ አልመጣም። ብዙ የድንጋይ ቤቶች በባዕዳን ባለጸጎች ተገዝተዋል፤ የቤት ዋጋ መናሩም ለአካባቢው ወጣት ፈተና ሆኗል። በመንገዱ ዳር የሚኖር ሰው በበጋ አቧራውን ይታገሣል። ጠጠር ደግሞ ከተተወ የሚቆይ አይደለም፤ ውኃ ወደ ዳር እንዲፈስ መካከሉ ከፍ ተደርጎ መስተካከል፣ ቦዩ መጠረግ፣ የተሸረሸረው በአዲስ ጠጠር መሞላት አለበት። አንድ ክረምት ቦይ ሳይጠረግለት ያለፈ መንገድ ምን እንደሚመስል ለገበሬ አንባቢ መንገር አያሻም።

የቶስካና ተሞክሮ አስፋልት አያስፈልግም የሚል ትምህርት አይሰጥም፤ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች እዚያም አስፋልት ናቸው። ትምህርቱ ሌላ ነው። ያው ጠጠር ሰው ትቶት ሲሄድ የድህነት ምልክት ነበር፤ ዋጋው ታውቆ፣ ደንብ ወጥቶለትና ቦዩ እየተጠረገ ሲያዝ ግን የተዘጉ ቤቶችን በር ዳግም ያስከፈተ ሀብት ሆኗል።