የጠቆረ ሙዝና የዳቦው ታሪክ

ዛሬ ስለ ደመወዝም ስለ ከፊልም አይደለም የምጽፍላችሁ። ስለ ሙዝ ዳቦ ነው። አዎ፣ ያ ሙዙ ጠቁሮ ማንም አልበላም ሲለው ጨፍልቀን ከዱቄት ጋር ፉርን ውስጥ የምንከተው ዳቦ። ሪያድ ውስጥ ስንቶቻችን ነን የምንጋግረው! ማዳሞቹ «የአሜሪካ ነው» ይላሉ፤ እኛም የሀብታም ምግብ ይመስለናል። እኔ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው፤ ግን ታሪክ ድሮም እወድ ነበር፣ አሁንም ማታ ሥራ ሲያልቅ በስልኬ አነባለሁ። የዚህን ዳቦ ታሪክ ሳነብ ከኛ ብዙም ሩቅ እንዳልሆነ አየሁና ላካፍላችሁ ብዬ ነው። «ዓ.ም» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙት።

ከስሙ እንጀምር። «ሙዝ» የምንለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ለዚህ ነው እዚህ መጥተን ቋንቋ ሳናውቅ «ሞዝ» ሲሉን ወዲያው የገባን። ሙዝ ግን አገሩ ዓረብ አይደለም። መጀመሪያ የለማው በሩቅ ምሥራቅ፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒና በኢንዶኔዥያ አካባቢ ነው፤ ያውም ከ6 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ ወደ ህንድ፣ በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ ደግሞ ወደ ዓረብና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተሻገረ። ኢብን ባቱታ የሚባለው የሞሮኮ ተጓዥ በ1331 ሞቃዲሾ ደርሶ ነበር። እዚያ ያልበሰለ ሙዝ በወተት ተቀቅሎ ሲቀርብ አይቶ ጽፏል። ጎረቤታችን ሶማሊያ ያኔም ሙዝ ታበስል ነበር ማለት ነው።

እኛም አገር የሙዝ ዘመድ አለን፤ እንሰት። ፈረንጆች «የውሸት ሙዝ» ይሉታል። ፍሬው አይበላም፤ ግንዱና ሥሩ ተፍቆ፣ ተቀብሮ፣ ቦክቶ ነው ቆጮ የሚሆነው። ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ ጋሞው ስንት ዘመን ኖሮበታል። እኛ ወሎ ደግሞ ቆጮ ባንበላም እማዬ ድፎ ስትደፋ ሊጡን የምትጠቀልለው በኮባ ቅጠል ነው። ዛሬ አገር ቤት ገበያ የምናየው ሙዝ አብዛኛው ከአርባ ምንጭ አካባቢ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሙዝና ዳቦ አንድ ላይ መጋገር መቼ ተጀመረ? በጽሑፍ ካገኘሁት አንዱ ከ1 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው ነው፤ ያውም ባግዳድ! በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሰያር አልወራቅ የሚባል ሰው የኸሊፋዎቹን ምግብ በመጽሐፍ ሰብስቦ ነበር። ናዋል ነስረላህ የምትባል ኢራቃዊት ሴት በ2007 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉማዋለች። እዚያ ውስጥ «ጁዛባ» የሚባል ምግብ አለ። ስስ ቂጣ ይነጠፋል፣ ላዩ ላይ የተላጠ ሙዝ ይደረደራል፣ ስኳር ይነሰነሳል፣ ደግሞ ቂጣ፣ ደግሞ ሙዝ፣ መጥበሻው እስኪሞላ። ከዚያ የጽጌረዳ ውኃ ይፈስበትና ታኑር ውስጥ ይገባል። ከላዩ ዶሮ ይሰቀላል፤ ዶሮው ሲጠበስ ስቡ ጠብ ጠብ እያለ ሙዙና ቂጣው ላይ ይወርዳል። እስቲ አስቡት!

ይህ አሠራር የተጻፈው በኢብራሂም ኢብን አልመህዲ ስም ነው። እሱ የኸሊፋ ሃሩን አልረሺድ የአባት ልጅ ወንድም ነው፤ በ839 ነው የሞተው። ምግብ የሚወድ፣ ስለ ምግብም የጻፈ ልዑል ነበር። ቤቱ ውስጥ ግን ቢድዓ የምትባል ሴት ነበረች። ጃሪያ ነበረች፤ ማለትም በገንዘብ የተገዛች። በሙያዋ ስሟ የወጣ ነበር፤ በተለይ ሲክባጅ የሚባለውን ሥጋ በኮምጣጤ የሚሠራ ወጥ በመሥራት። ስሟ መጽሐፉ ውስጥ ስለገባ ነው እኛም ዛሬ የምናውቃት። ልዑሉ ቤት እሳት ያነደዱት፣ ሙዙን የላጡት፣ ምጣድ ያጠቡት ሌሎቹ ግን ስማቸው የለም። ሳነብ ቆም ያደረገኝ ይሄ ነው። ምግቡ 1 ሺህ ዓመት ተሻግሮ ሲደርሰን የሠሪዎቹ ስም እዚያው መጥበኽ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በየመንና በሒጃዝ በኩል ደግሞ ማዕሱብ አለ። ይሄንን ሪያድ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት ከየመን ምግብ ቤቶች ይገዛል፣ ቤትም ይሠራል። ቂጣው ይፈተፈታል፣ በደንብ የበሰለ ሙዝ አብሮ ይታሻል፣ ቂሽጣና ማር ከላይ ይደረጋል። እኔ መጀመሪያ ስቀምሰው «ይሄ እኮ ጨጨብሳ ነው፣ ሙዝ ገባበት እንጂ» ነው ያልኩት። የደረቀ ቂጣና የጠቆረ ሙዝ ሳይጣል ቁርስ ይሆናል። የኛ እናቶችም ያደረ እንጀራ ፍርፍር ያደርጉታል፣ የተረፈውን ድርቆሽ ያደርጉታል እንጂ መች ይጥሉታል?

አሁን ፉርን የምንከተው ለስላሳው የሙዝ ዳቦ ግን ከነዚህ ሁሉ ልጁ ነው። ያለ እርሾ የሚነፋው ቤኪንግ ሶዳ ወይም ቤኪንግ ፓውደር ስላለበት ነው። ሶዳው አሜሪካ ውስጥ በፋብሪካ ተሠርቶ ለየቤቱ መሸጥ የጀመረው ከ1846 ወዲህ ነው። ከዚያ በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ወደቀ፤ ሥራ ጠፋ፣ ሰው ተራበ። ያኔ የጠቆረ ሙዝ መጣል ኃጢአት ሆነ። የዱቄትና የሶዳ ኩባንያዎችም ዕቃቸው እንዲሸጥ የአሠራር መጽሐፍ ያወጡ ነበር፤ የፒልስበሪ ዱቄት ኩባንያ በ1933 ባወጣው መጽሐፍ የሙዝ ዳቦ አለበት። ስለዚህ እህቶቼ፣ የሀብታም ምግብ የሚባለው የተስፋፋው በችጋር ጊዜ ነው።

ሙዙስ እንዴት ረከሰላቸው? በማዕከላዊና በደቡብ አሜሪካ እርሻ ላይ በሚሠሩ ድሆች ጉልበት ነው። በ1928 ኮሎምቢያ ውስጥ የዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ የሙዝ ሠራተኞች የተሻለ ክፍያ ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ ወታደር ተኮሰባቸው። ስንት ሰው እንደሞተ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በየሀብታሙ ቤት ዳቦውን የሚጋግሩትስ? ያኔ አሜሪካ ውስጥ ተቀጥረው ከሚሠሩ ጥቁር ሴቶች የሚበዙት የሰው ቤት ሠራተኞች ነበሩ። በ1935 የጡረታ ሕግ ሲወጣ የቤት ሠራተኛና የእርሻ ሠራተኛ አልተካተቱበትም። ሳዑዲም ውስጥ የሠራተኛ ሕጉ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ ለኛ የተለየ ደንብ የወጣው በ2013 ነው። ሙዙን የለቀመውም ዳቦውን የጋገረውም ከሕጉ ውጪ ነበር ማለት ነው።

የሙዝ ዳቦ እንደገና የገነነው በኮሮና ጊዜ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም ሪያድ ላይ መጀመሪያ ማታ ማታ፣ ወሩ ሳያልቅ ደግሞ 24 ሰዓት ሙሉ ከቤት መውጣት ተከለከለ። ዓለም ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ የሙዝ ዳቦ አሠራር በስልክ ይፈልግ ነበር። ያኔ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ልጆቹ ትምህርት የለ፣ ባባ ሥራ የለ፣ ሁሉም ቤት ነው፤ ወዲያው ረመዳን ገባ። ማዳም ዳቦውን ፎቶ አንስታ ስናፕ ላይ ትለጥፋለች፤ ትሪውን የሚያጥበው ሌላ ሰው ነው።

እስቲ ሙያውንም ልንገራችሁ፣ ታሪክ ብቻ አይሁን። ሙዝ ሲበስል ውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ለዚህ ነው የጠቆረው የሚጣፍጠው። ሙዙ ውስጥ ያለው ትንሽ ኮምጣጣነት ደግሞ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ አየር ይፈጥራል፣ ዳቦውም ይነፋል። 3 የጠቆረ ሙዝ፣ 2 ኩባያ ዱቄት፣ 2 እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ከግማሽ ኩባያ ትንሽ ከፍ ያለ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨው። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ አታሹት፣ ይደርቅባችኋል። ፉርኑን 180 ላይ አድርጋችሁ አንድ ሰዓት አካባቢ፤ ቢላ ስትወጉበት ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደርሷል። ሙዙ ከበዛ ልጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፣ አይበላሽም።

እዚህ የምንማረው ሙያ የኛ ነው፤ ኮንትራት ሲያልቅ ከሻንጣ ጋር አይፈተሽም፣ ኪሎም አይበልጥም። አገር ገብታችሁ ትንሽ ዳቦ ቤት ወይም ቁርስ ቤት ለመክፈት የምታስቡ አላችሁ፤ ስለዚህ ደብተር ግዙና የምትሠሩትን ሁሉ በልኩ ጻፉ። ከላይ ቀኑንና የራሳችሁን ስም አድርጉበት። ቢድዓን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ያወቅናት ስሟን የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። የኛን ማን ይጽፍልናል? እኛው ነን።

በሉ ቸር ሰንብቱ እህቶቼ፣ በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ።