የጫማ ክር ጫፍና ያልተጻፈው ታሪኩ

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። ነገር ግን ተረቱ ሳይነግረን የሚያልፈው አንድ ጉዳይ አለ። ያበረው ድር ጫፉ ላይ ከተፈታ አንበሳ ቀርቶ ጫማም አያስርም!

ውድ አንባብያን፣ በዚህ የታሪክ ዓምዳችን ዛሬ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት አናነሣም። የምናነሣው ሁላችንም ጎንበስ ብለን የምንነካውን፣ ግን ልብ ብለን አይተነው የማናውቀውን ነገር ነው፤ የጫማ ክር ጫፍ። ያቺ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ የላስቲክ መያዣ ስትወልቅ ክሩ ይበተናል፤ በቀዳዳው አልገባ ይላል። ተማሪው በምራቁ ያረጥበዋል፣ በጣቱ ይጠመዝዘዋል፣ በጥርሱ ያሾለዋል። የሰው ልጅ ይህን ትግል ከመቼ ጀምሮ ሲታገል ኖረ? እንዴትስ ተወጣው? እስቲ አብረን እንይ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጫፉ ለምን ይተረተራል?

እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ አይተናል። ጥጡ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ከባዘቶው እየተሳበ በእንዝርት ይሾራል፤ ፈትል ይወጣል። ባዘቶ በእጅ ሲጎትቱት ወዲያው ይበጠሳል። ፈትል ግን ይጠነክራል። ጥጡ ያው ጥጥ ነው፤ የተጨመረበት ነገር ቢኖር መሾሩ ብቻ ነው። ሹረቱ ጭረቶቹን እርስ በርስ አጣብቆ ይይዛቸዋል።

የጫማ ክርም እንዲሁ ነው። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ተጎንጉነው አንድ ይሆናሉ። መሐሉ ላይ አንዱ ሌላውን ስለያዘው አይፈታም። ጫፉ ላይ ግን የሚይዘው የለም። እዚያ ላይ መያዣ ካልተደረገለት መፍታቱ ከጫፉ ይጀምርና ወደ ውስጥ እየገባ ይሄዳል። ስለዚህ ክር የሠራ ሰው ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ ሁለት ሥራ ነበረበት፤ ክሩን መሥራትና ጫፉን መያዝ።

መጀመሪያ ጠፍር ነበረ

እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የቆዳ ጫማዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2008 በአርመን አገር በአንድ ዋሻ ውስጥ ተገኝቷል። ዕድሜው 5,500 ዓመት ገደማ ነው። ከአንድ ቁራጭ የከብት ቆዳ የተሠራ የቀኝ እግር ጫማ ሲሆን፣ መጠኑ በዛሬው ቁጥር 37 ያህላል። ውስጡ ሣር ተጠቅጥቆበት ነበር። የሚታሰረውም በቀዳዳዎቹ ውስጥ በሚያልፍ ጠፍር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጠፍር አልተፈተለም፤ ከቆዳ ተቆርጦ የወጣ ነው። ስለዚህ ጫፉ አይተረተርም። ሾል አድርጎ መቁረጥ ብቻ ይበቃዋል። በ1991 በኦስትሪያና በጣልያን ድንበር በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በላይ የሆነው ሰውዬ ደግሞ በጫማው ላይ ከዛፍ ልጥ የተሠራ ገመድ ነበረው። ልጥን የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ የጫፉ ጣጣ በደንብ የመጣው ሰው በጠፍርና በልጥ ፋንታ ለስላሳ የተፈተለ ክር መጠቀም ሲጀምር ነው ማለት ነው።

እንደ መርፌ የሾለ ጫፍ

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰዎች ልብሳቸውን ጭምር በክር ያስሩ ነበር፤ እጅጌን ከትከሻ፣ ሱሪን ከወገብ። በቀን ስንት ጊዜ ክር በቀዳዳ ሲያስገቡ እንደሚውሉ አስቡት! ስለዚህ ቀጭን የናስ ቆርቆሮ በክሩ ጫፍ ላይ እየጠቀለሉ መርፌ የሚመስል ጫፍ ሠሩለት። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ በ1545 ሰጥማ በ1982 ከባሕር ስትወጣ፣ ከመርከበኞቹ ዕቃ መካከል እነዚህ የክር ጫፎች ተገኝተዋል። ልብሱ በስብሶ ጫፉ ቀረ ማለት ነው።

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ፈረንሳይኛ ለምትማሩ አንድ ነገር እንጨምር። እንግሊዝኛው የክሩን ጫፍ “አግለት” ይለዋል። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛው “ኤግዊዬት” ሲሆን ትርጉሙ “ትንሽ መርፌ” ነው። በብዙ አገር በሰልፍ ቀን ከክብር ዘብ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው ጉንጉን ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። ፈረንሳዮች ራሳቸው የጫማውን ክር “ላሴ”፣ ጫፉን ደግሞ “ፌሬ” ይሉታል፤ “ፌር” ብረት ማለት ነውና። አሌክሳንድር ዱማ በ1844 ባሳተመው “ሦስቱ ሙስኬተሮች” ልብ ወለድ ውስጥ ያን ሁሉ ግርግር የሚያስነሣው የንግሥቲቱ የአልማዝ ጌጥ እኮ ሌላ አይደለም፤ “ፌሬ” ነው፣ የክር ጫፍ! ድሃው በናስ የሚይዘውን ንግሥቲቱ በአልማዝ ያዘችው።

በ20ኛው መቶ ዘመን የናሱን ቦታ ስስ ላስቲክ ወሰደው። ዛሬ በፋብሪካ ውስጥ ስስ የላስቲክ ጥቅል በአሴቶን ወይም በሙቀት ለስልሶ በክሩ ጫፍ ላይ ይጠቀለላል፤ ከዚያም ይቆረጣል። ርካሽና ፈጣን ነው። ግን እንደ ናሱ አራት መቶ ዓመት አይቆይም፤ አንዳንዴ አንድ የትምህርት መንፈቅ እንኳን አይሞላም።

እኛስ ቤት?

ታዲያ ይህ ሁሉ የባዕድ ታሪክ ነው? አይደለም። ሸማኔ ነጠላውን ወይም ጋቢውን ጨርሶ ከዕቃው ሲያወርደው፣ የድሩ ጫፎች ሳይታሰሩ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። እንዲሁ ቢተው ማጉ እየወለቀ ልብሱ ከዳር ይፈታል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ክር እየለዩ ወደ አንድ ወገን ማሾር፣ ሁለቱን ደግሞ አንድ ላይ አድርጎ ወደ ተቃራኒው ወገን ማሾር፣ መጨረሻው ላይ ቋጠሮ ማድረግ የግድ ነው። አንዱ ልፈታ ሲል ሌላው ይበልጥ ይጠብቃል። ይህ ሥራ መቋጨት ይባላል።

ቃሉን ልብ በሉት። ነገር ሲያልቅ “ተቋጨ” እንላለን። ጽሑፍ ሲያልቅ “መቋጫ” እንጽፋለን። ሽማግሌዎች ጠብ ሲያበርዱ “ጉዳዩ እዚህ ላይ ይቋጭ” ይላሉ። አማርኛ የመጨረስን ነገር የተማረው ከነጠላ ጫፍ ነው! ልብሱ ተሸምኖ ስላለቀ አላለቀም፤ ጫፉ ሲያዝ ነው የሚያልቀው።

ሌላም አለን። ጧፍ የሚሠራው የጥጥ ክር በቀለጠ ሰም ውስጥ እየተነከረ ነው። ሰሙ ሲበርድ ለስላሳው ክር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጧፍ የሠራ ሰው የተበተነ የክር ጫፍን ማዳን አዲስ ነገር አይሆንበትም። ነገር ግን ይህን ዘዴ መጀመሪያ ማን እንዳገኘው፣ ማን ማንን እንዳስተማረ ዜና መዋዕል አልጻፈልንም። ዜና መዋዕል ንጉሡ የለበሱትን ካባ ይነግረናል እንጂ ጫፉን የቋጨችውን ሴት ስም አይነግረንም።

ባለ ክር ጫማና የጅቡቲ መንገድ

ጅቡቲ ከተማ መቆርቆር የጀመረችው በ1888 ገደማ ነው። የባቡር ሐዲዱ ሥራ በ1897 ከዚህ ተነሣ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የውጭ አገር ሸቀጥ በዚህ መንገድ ሲገባ ቃላትም አብረው ተሳፈሩ። አዲስ አበባ “ለገሃር” የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው “ላ ጋር”፣ ከባቡር ጣቢያ ነው። ጫማ የሚጠርገውን ልጅ “ሊስትሮ” ያልነው ደግሞ ከጣልያንኛ ወስደን ነው።

ይሁን እንጂ ጫማ ለብዙው ሕዝባችን ዘግይቶ ነው የደረሰው። ገበሬው በባዶ እግሩ፣ ወይም ከመኪና ጎማ በተሠራ በረባሶ ይሄድ ነበር፤ ኋላም ኮንጎ የተባለው የላስቲክ ጫማ መጣ። እነዚህ ክር የላቸውም። ክር የሚታሰርበት ሸራና የቆዳ ጫማ የከተማ፣ የወታደርና የተማሪ ነገር ነበር። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ማራቶንን አሸንፏል። ለሯጩ ጫማ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ለገበሬው ልጅ ግን የጤና ጉዳይ ነው። በአገራችን ደጋ ቦታዎች ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ እግርን የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው በትንኝ ሳይሆን በአፈር እንደሚመጣ አጥንቶ “ፖዶኮኒዮሲስ” የሚል ስም ሰጠው። መከላከያው ቀላል ነው፤ እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ።

እዚህ ጅቡቲ ያ ቀይ አፈር የለም። ድንጋዩ፣ እሾሁና የሚጋግረው መሬት ግን አለ። በአሊ አዴም ሆነ በሆል ሆል ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አንድ ጫማ ነው ያለው እንበል። የክሩ ጫፍ ተበተነ። ከስድስት ቀዳዳ በሁለቱ ብቻ ማሰር ጀመረ። ጫማው ላላ። ተረከዙን ረግጦ እንደ ሸበጥ ይጎትተው ጀመር። ተረከዙ ተሰበረ፤ ጫማው ተጣለ። የጣት ስፋት የማታህል ጫፍ ጫማውን በሙሉ ይዛው ሄደች። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኼኔ ነው!

እንዴት እንጠግነው?

በመጀመሪያ የተበተነውን በስለት ቀጥ አድርገን እንቁረጥ። መቋጠር አያዋጣም፤ ቋጠሮው ቀዳዳው ውስጥ አያልፍም። ከዚያ ክሩ የጥጥ ነው ወይስ የናይሎን ብለን እንለይ። ከተቆረጠው ላይ ጥቂት አንስተን እሳት ስናስነካው ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ ናይሎንና ፖሊስተር ግን ተኮማትሮ ጠንካራ እንክብል ይሠራል።

ናይሎን ከሆነ ጫፉን ወደ እሳቱ ጠጋ አድርጎ ማቅለጥ ይበቃል። ወደ ነበልባሉ ውስጥ መክተት አያስፈልግም። የቀለጠ ናይሎን ቆዳ ላይ ከተጣበቀ ክፉኛ ያቃጥላልና በጣት አይነካ፤ በእርጥብ ማንኪያ ይድቦልቦል። ይህ ሥራ ከድንኳንና ከቤት ውጭ፣ አዋቂ ባለበት ይሠራ።

ጥጥ ከሆነ እሳት አይሠራም። በአገራችን ደጋ ሰም ማሸት ይበቃ ይሆናል፤ እዚህ ግን በሐምሌ ሙቀት ሻማ ራሱ ይለሰልሳል። ስለዚህ የመርከበኞቹን ዘዴ እንውሰድ። ባሕርተኛ የገመዱን ጫፍ በቀጭን ክር ጥብቅ አድርጎ ይጠመጥመዋል። እኛም ቀጭን የስፌት ክር በመርፌ ይዘን ጫፉን አንድ ጊዜ እንውጋ፤ ከዚያ ወደ ጫፉ እየሄድን አሥር አሥራ ሁለት ጊዜ እንጠምጥም፤ ደግሞ ወግተን እንቋጥር። በላዩ ላይ ሻማ ወይም ጥቂት ማስቲሽ ቢቀባ ይበልጥ ይጸናል። ክር ከሌለ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የተገፈፈ ቀጭን ላስቲክ በጫፉ ላይ ቢሰካ ደህና ያገለግላል። ከክሩ ትንሽ ሰፋ ያለ ከሆነ ውስጡ ማስቲሽ ይደረግበት።

የሳይንስ መምህራን አንድ ምሳሌ ልታክሉበት ትችላላችሁ። በሴሎቻችን ውስጥ ያሉት ክሮሞሶሞችም ጫፋቸው ላይ መጠበቂያ አላቸው፤ ቴሎሜር ይባላል። ሊቃውንት ለማስረዳት ሲፈልጉ ከጫማ ክር ጫፍ ጋር ያመሳስሉታል። ይህን የመረመሩት ኤልሳቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግራይደርና ጃክ ሾስታክ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

መቋጫ

ብዙዎቻችን ያልተቋጨ ነገር ይዘን ነው እዚህ የደረስነው፤ የተቋረጠ ትምህርት፣ ያልተጨረሰ ሙያ፣ ያልተመለሰ ማመልከቻ። ያን ሁሉ በአንድ ቀን መቋጨት አንችልም። ነገር ግን ከእጃችን ያለውን ጫፍ መያዝ እንችላለን፤ ዘዴውም ከእናቶቻችን እጅ ላይ አለ። ዜና መዋዕል ያልጻፈውን እነርሱን ጠይቀን እኛ እንጻፈው።

ለክፍል ውይይት

1. ነጠላ ወይም ጋቢ መቋጨት የሚችል ሰው ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤት ፈልጉ። ከማን እንደተማሩት ጠይቃችሁ ጻፉ።

2. “ጫፉ ተተረተረ” እና “ተቋጨ” በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በትግርኛ ምን እንደሚባሉ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ሰብስቡ።

3. በክፍላችሁ ስንት የተበተነ የጫማ ክር አለ? ቆጥራችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጠግናችሁ ጨርሱ።