የባትሪው ዓሣ እና እውነተኛው ጎልድፊሽ፦ ከመግዛታችሁ በፊት

ውኃ ሲነካው ጅራቱን እያወዛወዘ የሚዋኝ፣ ሲያወጡት ቀጥ የሚል የፕላስቲክ ዓሣ ቲክቶክ ላይ ሳታዩ አትቀሩም። "ከእውነተኛ ጎልድፊሽ ጋር አብሮ ማስቀመጥ ይቻላል?" ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁን፦ ባታደርጉት ይሻላል። ባትሪው ካፈሰሰ ውኃውን ይመርዛል፤ እንቅስቃሴውም ዓሣውን ያስጨንቀዋል።

የዓሣ መጫወቻ ፋሽን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አንገቱን እያዞረ የሚዘፍነው "ቢግ ማውዝ ቢሊ ባስ" አሜሪካኖችን አሳብዶ ነበር። የአሁኖቹ ግን ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹም በሰዓት ባትሪ ይሠራሉ። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ሕፃን ልጅ ይህን ባትሪ ከዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የባትሪው ክዳን በብሎን የማይታሰር ከሆነ አትግዙ። ልጁ ውጦ ከሆነ "በራሱ ይወጣል" ብላችሁ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል!

ወደ እውነተኛው ስንመጣ፣ ጎልድፊሽ የሚሞተው ብዙ ጊዜ "ዕድሜው አጭር ስለሆነ" አይደለም። እንግሊዝ አገር የነበረችው ቲሽ 43 ዓመት ኖራ ነው እ.ኤ.አ. በ1999 የሞተችው። ቶሎ የሚገድላቸው ያቺ የምታምር ክብ ብርጭቆ ናት። ሮም ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 ክብ የዓሣ ማስቀመጫን እስከመከልከል ደርሳለች፤ እኛም እንስማማለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣው የሚያስወጣው ቆሻሻ ውኃው ውስጥ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ስንጥቡን (መተንፈሻውን) ያቃጥላል። ይህን የሚያስወግዱት ማጣሪያው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በቂ እስኪሆኑ ግን ሳምንታት ይፈጃሉ። አኳሪየም ገዝቶ በዚያው ቀን አምስት ዓሣ መጨመር ማለት እንግዲህ መግደል ነው። ለአንድ ጎልድፊሽ ወደ 75 ሊትር ቢኖራችሁ ጥሩ ነው፤ ያ የጣት ርዝመት የምታክል ዓሣ እኮ አድጋ ከ20 ሴንቲሜትር ልታልፍ ትችላለች።

ውኃው ላይ ጠንቀቅ በሉ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ከፍታችሁ ቢያንስ 24 ሰዓት አሳድሩት። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ማሳደር ዋጋ የለውም፣ ክሎሪኑ መውጫ የለውማ። በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ቀይሩ እንጂ ሁሉንም በአንዴ አትድፉት። ማጣሪያውንም የምታጥቡት ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውኃ ነው፤ የቧንቧው ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል። ሳሙና በፍጹም!

ምግብ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። ሁሌም የተራቡ ይመስላሉ፣ አትታለሉ። ዳቦም አትስጡ።

መብራት ከጠፋና ፓምፑ ከቆመ ምግብ አቁሙ። ዓሣው ላይኛው ውኃ ላይ መጥቶ አፉን ከከፈተ አየር አጥሮታል (ወይም አሞኒያው በዝቷል)፤ ከአኳሪየሙ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱበት፣ አየር ይገባለታል። መብራት ከመጣ በኋላም ከቀጠለ፣ አሳድራችሁ ባዘጋጃችሁት ውኃ ሩቡን ቀይሩ።

ከሰለቻችሁ ደግሞ ለሚያሳድግ ሰው ስጡ እንጂ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ። እዚያ ተራብቶ የነባሮቹን ዓሦች ምግብ ይሻማል።