ውሃና መብራት፦ ከኩራዝ እስከ መዋኛ ገንዳ አምፖል

ጊዮን ማለት ዓባይ ነው። በአገራችን ትውፊት፣ በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው ጊዮን ከጎጃም ምድር፣ ከሰከላ ግሼ ዓባይ የሚነሣው ወንዝ ነው ተብሎ ይታመናል። በአዲስ አበባም በመዋኛ ገንዳው ስመ ጥር የሆነው ሆቴል በዚሁ ወንዝ ስም ተሰይሟል። ይህ የስም ዝምድና ለዚህች አጭር ጽሑፍ መነሻ ሆነኝ። የጎጃም ደጋ ሰው ውሃውን ለአገር ሲሰጥ ኖሯል፤ ከውሃ የሚገኘው መብራት ግን ወደ እርሱ ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። እንግዲህ የመዋኛ ገንዳ አምፖል በኤልኢዲ ስለ መተካቱ ስንመረምር፣ መብራት ለማን ደረሰ፣ በምን ያህል ኃይልስ ደረሰ የሚለውን ጥያቄ አብረን ማንሣት ይገባናል።

በደብረ ማርቆስ፣ በቀድሞ ስሟ በመንቆረር፣ እና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች የሌሊት ብርሃን ከምድጃ እሳት፣ ከችቦና ከጧፍ የሚገኝ ነበር። ጧፍ ከሰም ስለሚሠራ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይበልጥ የተለየ ነው። ላምባ ወደ አገር ከገባ በኋላ ፋኖስ ለባለጠጋው፣ ኩራዝ ለድኻው ሆኑ። ኩራዝ ከቆርቆሮና ከጨርቅ ክር ስለሚበጅ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጢሱ ግን ብዙ ነው። እኔም ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ፊደል ያጠናሁት በዚሁ መብራት ነበር፤ ጠዋት አፍንጫችንን ስንጠርግ ጥቀርሻው በጨርቁ ላይ ይታይ ነበር።

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ በቤተ መንግሥት መሆኑ ይነገራል። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ላይ ከተሠራው ከአባ ሳሙኤል፣ ኋላም በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው፣ 43 ሜጋ ዋት ከሚሰጠው የቆቃ ግድብ ብርሃን አገኘች። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ብዙ የጠቅላይ ግዛት ከተሞች መብራት ቢያገኙ እንኳ ከናፍጣ ሞተር፣ ያውም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር። ዓባይ ራሱ ለመብራት የተገራው በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሲሠራ ነው፤ ኃይሉም 11 ሜጋ ዋት ገደማ ሲሆን ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ አገለገለ። ቀጥሎ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው ጢስ ዓባይ፣ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት ያለው ጣና በለስ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቁ።

በዋና ከተማው ትልልቅ ሆቴሎች ከመዋኛ ገንዳ ጋር መታየት የጀመሩት የወንዝ ኃይል መስፋፋት በጀመረበት በዚሁ ዘመን ነው። በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ የተከፈተው የሒልተን ሆቴል ገንዳ በመስቀል ቅርጽ ተሠርቶ ከምድር በሚፈልቅ ፍል ውሃ የሚሞላ በመሆኑ ይታወቃል።

ከውሃ በታች መብራት ማብራት ግን ቀላል ሥራ አይደለም። በዓለም ላይ ለብዙ ዘመን የተለመደው የገንዳ አምፖል 300 ዋት የሚፈጅ፣ ሽቦው በኤሌክትሪክ ግሎ የሚያበራ ነው። እንዲህ ያለው አምፖል ከሚቀበለው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሙቀቱንም የሚያበርድለት በዙሪያው ያለው ውሃ ነው። ስለዚህ ከውሃ ወጥቶ ቢበራ በቶሎ ይበላሻል። ዋናተኛ እንዳይጎዳ በብዙ አገር ኃይሉ በትራንስፎርመር ወደ 12 ቮልት ዝቅ ተደርጎ ይላካል።

ጢስ ዓባይ ሥራ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ሠራ። ይህ ኤልኢዲ የተባለው መሣሪያ የሚያበራው ሽቦ በማጋል አይደለም፤ ኤሌክትሪክ በአንድ ጠጣር ቁስ ውስጥ ሲያልፍ ቁሱ በቀጥታ ብርሃን ይሰጣል። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ሰማያዊው ዳዮድ ያስፈልግ ነበር፤ ይህንም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስገኙት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አሮጌውን የገንዳ አምፖል ለመተካት ውሃውን ማፍሰስ አያስፈልግም፤ መብራቱ እስከ ገንዳው ዳር የሚደርስ ትርፍ ገመድ በስተኋላው ተጠቅልሎለታልና። አስቀድሞ ኃይሉ ከዋናው ሰሌዳ ላይ ይቋረጣል፤ የግድግዳውን ማጥፊያ ብቻ መንካት አይበቃም። ከዚያ ብሎኑ ተፈቶ መብራቱ ወደ ዳር ይወጣል፤ ውሃ የሚከለክለው ጎማም አብሮ ይለወጣል። ትራንስፎርመሩም ይመረመራል፤ አንዳንዱ የኤሌክትሮኒክ ትራንስፎርመር ለትልቅ ጭነት የተሠራ ስለ ሆነ በትንሹ ኤልኢዲ ሲጫን ብርሃኑ ይርገበገባል። ሥራውም የባለሙያ እንጂ የማንም ሰው አይደለም።

የዚህን መተካት ጥቅም በቍጥር እንየው። አሥር አሮጌ አምፖሎች 3,000 ዋት ይፈጃሉ። በ30 ዋት ኤልኢዲ ቢተኩ 300 ዋት ብቻ ይበቃል። የተረፈው 2,700 ዋት እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሚፈጁ 300 አምፖሎችን፣ ማለትም የ300 ቤቶችን አንዳንድ መብራት ሊያበራ ይችላል። አገራችንም ይህን ስሌት ከአሁን በፊት በችግር ተምራዋለች። በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውሃ አንሶ መብራት በፈረቃ ሲጠፋ፣ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ አሮጌውን አምፖል እየተቀበለ ኃይል ቆጣቢ የፍሎረሰንት አምፖል በብዛት አድሏል።

ሆኖም አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም በገንዳ የተረፈው ኃይል ምሰሶና ሽቦ ወዳልደረሰበት መንደር በራሱ አይሄድም የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት ነው። ከጮቄ የሚወርደው ጨሞጋ ደብረ ማርቆስን ታክኮ ወደ ዓባይ ሲገባ፣ በመንገዱ መስመር ያልተዘረጋላቸው ጎጆዎች አሉ። ነገር ግን በነዚሁ ጎጆዎች ኩራዝን ያስወጣው በፀሐይ ኃይል የሚሞላው ትንሽ የኤልኢዲ ፋኖስ ነው። ይህ ፋኖስ ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚበቃው ምሰሶውን ሳይጠብቅ ደረሰ። የ300 ዋት አምፖል ብቻ በነበረ ጊዜ እጅ ታህል የፀሐይ ሰሌዳ መብራት ልትሰጥ ባልቻለችም ነበር። ስለዚህ በሆቴሉ ገንዳ ወጪ የሚቀንሰው ጠባይ በገበሬው ቤት ብርሃንን ራሱን አስገኝቷል፤ የኤልኢዲን ታሪካዊ ዋጋ የምመዝነውም በዚህ ነው።

በመጨረሻ ጓደኞቼን ተማሪዎች የምለምነው፣ ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ በቤታቸው ኩራዝ የጠፋበትን ዘመን ከወላጆቻቸውና ከሽማግሌዎች ጠይቀው እንዲጽፉት ነው። የግድቦቹ ምረቃ ቀን በመዝገብ ተጽፏል፤ የጎጆዎቹ ግን ገና አልተጻፈም።