የቀጥታ ስርጭት ክፍተትና የወሎ ቅኝቶች

የቀጥታ ስርጭት፣ ማለትም ጨዋታው በሚካሄድበት ቅጽበት ከሜዳ ወደ አድማጭ የሚተላለፍ ዝግጅት፣ መቼ እንደሚያበቃ በእርግጠኝነት ስለማይታወቅ፣ የሬዲዮ ጣቢያዎች ክፍተት የሚሞላ ዝግጅት በእጃቸው ማቆየት ግድ ሆኖባቸዋል። በአሜሪካ ቤዝቦል ዝናብ ሲጥል ጨዋታው ይቆማል፤ ዳኛውም ጨዋታውን ከመሰረዙ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ስላለበት፣ ያን ጊዜ በወግና በሙዚቃ መሙላት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። እግር ኳስ ግን በዝናብም ይቀጥላል፤ የሚቋረጠው ሜዳው ውኃ ሲያቁር ወይም መብረቅ ሲያሰጋ ነው። በሰሜን ወሎ ያሉት ወልድያ፣ መርሳና መላው የሀብሩ ወረዳ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ የሚያገኙ በመሆናቸው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የወልድያ ስታዲየም ከዚህ ስጋት ነፃ አይደለም።

ክፍተት የሚፈጥረው ዝናብ ብቻ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ መደበኛው 90 ደቂቃ 2 ለ 2 በማለቁ፣ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፈችው በተጨማሪው 30 ደቂቃ ነበር። እንዲህ ያለው ጭማሪ የጣቢያን መርሐ ግብር ሲያዛባ፣ የእረፍት ሰዓትና የመስመር መቋረጥ ደግሞ ባዶ ደቂቃዎችን ይፈጥራሉ።

በእነዚህ ደቂቃዎችም ሆነ በዝግጅቶች መሸጋገሪያ ላይ የኢትዮጵያ ሬዲዮ አድማጭ በብዛት የለመደው የክራር፣ የማሲንቆና የዋሽንት ዜማ ነው። ምርጫው ብልሃት አለው፤ የሜዳው ስርጭት እንደተመለሰ ቴክኒሻኑ ድምፁን ቀስ በቀስ ዝቅ አድርጎ ዜማውን ሲያቋርጠው፣ ግጥም የሌለው በመሆኑ አድማጩ ግማሽ ስንኝ ላይ አይቀርም።

የእነዚህ ዜማዎች መሠረት የሆኑት አራቱ ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማው የሚዋቀርባቸው የድምፅ አደራደሮች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሲሆኑ፣ ሁሉም ከወሎ ጋር በጥብቅ የተሳሰሩ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል እንዲያውም የቦታ ስሞች ሲሆኑ፣ አምባሰል የሚገኘው ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ውጫሌ አካባቢ ነው። በወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ውስጥ ያደገችው ማሪቱ ለገሠ እነዚህን ቅኝቶች በድምጿ ስታስተዋውቅ ስሟ አብሮ ታውቋል፤ በመሸጋገሪያ ላይ የሚጫወቱት ባለ ክራሮችና ባለ ዋሽንቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው ሳይነሳ ያልፋል። ይህ ተገቢ አይደለም። የባለሙያውንና የቅኝቱን ስም መጥራት ከአምስት ሰከንድ አይበልጥምና፣ ጣቢያዎች ከዜማው በኋላ ይህን ማስታወቅን የሥራቸው ደንብ ሊያደርጉት ይገባል።